ጎጆ የወጡ ዘራፊዎች

ደራሲዋ የመጀመሪያ የፊልም ጽሑፏን ጨርሳለች። ታሪኩ ባንክ ዘርፈው ስለተሸሸጉ ሁለት ፍቅረኞች ነው። መምህሩ የፊልም ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተገናኙት ጽሑፉን አንብበው ዳር ዳሩን በእርሳስ ከሞሉት በኋላ ነው። በጨዋታቸው የሚነሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደራሲዋ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንዳለ ሰርዘዋቸዋል። አንድ መስመር እንኳን አልተረፈም።

መምህሩ፦ የሰረዝኩት ዘረፋውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አልነካሁትም።

ደራሲዋ፦ ዘረፋው እኮ ዋናው ነገር ነው! እሱን ካወጣሁት ተመልካቹ ምን ሊያይ ገንዘቡን ይከፍላል?

መምህሩ፦ ባንክ ሲዘረፍ ስንት ጊዜ አይተናል? ጭምብል፣ ጩኸት፣ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!»፣ ሻንጣ፣ ከዚያ የጎማ ሲጢጥታ። ማንም ቢዘርፈው ያው ነው። ሁለት ሰዎች ከዘረፋው በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ በር ዘግተው ሲቀመጡ ግን ታሪኩ የእነሱ ብቻ ይሆናል። ኒኮላስ ሬይ ይህን ገና በመጀመሪያ ፊልሙ አውቆት ነበር። «ዘይ ሊቭ ባይ ናይት»ን አይተሽዋል?

ደራሲዋ፦ ስሙን ሰምቻለሁ። ደጋግሜ ያየሁት «ቦኒ ኤንድ ክላይድ»ን ነው፤ ዋረን ቤቲና ፌይ ደናዌይ የሠሩትን።

መምህሩ፦ እሱ የ1967ቱ ነው፤ እንመጣበታለን። የሬይ ፊልም የተቀረጸው 1947 ላይ ነው። በመሐል ሃዋርድ ሂዩዝ የተባለው ቱጃር አርኬኦ የሚባለውን የፊልም ኩባንያ ገዛው፤ ፊልሙም መደርደሪያ ላይ ተረሳ። መጀመሪያ እንግሊዞች በ1948 አዩት፤ አሜሪካኖቹ ያዩት በ1949 መጨረሻ ነው። ታሪኩን ከኤድዋርድ አንደርሰን ልብ ወለድ የወሰዱት ነው፤ መጽሐፉ 1937 ላይ የወጣ ነው።

ደራሲዋ፦ ምን ያወራል?

መምህሩ፦ ቦዊ የሚባል ልጅ አለ። እስር ቤት የገባው ልጅ እያለ ነው፤ ሴት ልጅ እንዴት እንደሚያነጋግሩ እንኳን አያውቅም። ከሁለት ጎልማሳ ዘራፊዎች ጋር ከእስር ያመልጣል። የሚደበቁበት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ኪቺ የምትባል ልጅ ያገኛል። አባቷ ሰካራም ነው፣ አጎቷ ደግሞ አብረውት ካመለጡት ዘራፊዎች አንዱ። በቃ፣ ይህ ነው። ዓለም ያላስተዋወቃቸው ሁለት ልጆች ራሳቸው ተዋወቁ።

ደራሲዋ፦ ባንክ ግን ይዘርፋሉ አይደል?

መምህሩ፦ ይዘርፋሉ፣ አንቺ ግን አታዪውም። ቦዊ ሾፌር ነው፤ ካሜራው አብሮት መኪናው ውስጥ ይቀራል። ባንኩ ውስጥ ምን እንደሆነ አናውቅም። ልጁ መሪውን ይዞ ሲጠብቅ ብቻ ነው የምናየው። እና ማን ይመጣል መሰለሽ? ሰዓት የሸጠለት ነጋዴ! ቦዊ ለኪቺ የእጅ ሰዓት ገዝቶላት ነበር፤ ነጋዴው መልኩን ያስታውሳል፣ ሊያጫውተው ወደ መኪናው ይጠጋል። ልጁን ለአደጋ ያጋለጠው ሽጉጡ ሳይሆን ለሚወዳት ልጅ የገዛው ስጦታ ነው። የእኔ ሙሉ ክርክር እዚች ትዕይንት ላይ አለልሽ።

ደራሲዋ፦ ሌላም ፊልም እንዲህ ያደርጋል። «ገን ክሬዚ» ይመስለኛል።

መምህሩ፦ ጎሽ! ጆሴፍ ሉዊስ በ1950 የሠራው። ካሜራውን መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ ዘረፋውን ከመጀመሪያው እስከ ማምለጫው ሳይቆርጥ ቀረጸው። እሱም ባንኩ ውስጥ አልገባም። ሁለቱም አዘጋጆች ትልቅ በጀት አልነበራቸውም፤ ችግር አንዳንዴ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ደራሲዋ፦ እሺ፣ ዘረፋውን ከውጭ ላሳይ እችላለሁ። ግን መደበቂያው ውስጥ ምን ይሆናል? ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ይተያያሉ። ተመልካቹ ያንቀላፋል።

መምህሩ፦ የሚያንቀላፋው እንደ እስረኛ ካስቀመጥሻቸው ነው። እነሱ ግን ጎጆ የወጡ ናቸው! ቦዊና ኪቺ በሌሊት አውቶቡስ ሲሄዱ መንገድ ላይ የጋብቻ ሱቅ ያያሉ። ሱቅ ነው የምልሽ። አንድ ሰውዬ ሌት ተቀን በገንዘብ ያጋባል። ከአውቶቡሱ ወርደው ይጋባሉ፤ ያው ሰውዬ መኪናም ያገኝላቸዋል። ከዚያ ተራራ ሥር አንዲት ትንሽ ቤት ይከራያሉ። እዚያ የሚያደርጉትን ተመልከቺ፦ ቤት ያሰናዳሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ማንኛውም አዲስ ሙሽራ የሚያደርገውን ነው። ከዚያ ቧንቧ ይበላሻል፤ ቧንቧ ሠሪ ይመጣል፤ ሰውዬው የቦዊን ፎቶ ጋዜጣ ላይ አይቶታል። ቤቷ እዚያ ላይ አበቃች።

ደራሲዋ፦ በቧንቧ ተያዙ?

መምህሩ፦ አልተያዙም፣ ግን ዳግም መሸሽ ነበረባቸው። ልብ በይ፤ መርማሪ ተከታትሎ አይደለም የደረሰባቸው። ቤት ያለው ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነገር ነው የገጠማቸው። ቤት ካለሽ ቧንቧ ይበላሻል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ከሱቅ ዕቃ ይጎድላል። ሽሽት ላይ ያለ ሰው ብቻውን ከሆነ ጉድጓድ ውስጥም ያድራል። ሁለት ከሆኑ ግን ቤት ይፈልጋሉ፤ ያስያዛቸውም እሱ ነው።

ደራሲዋ፦ ይህ የደራሲ ብልሃት ነው ጋሼ። በእውነተኛው ዓለም የሚያዙት በጥቆማና በተኩስ ነው።

መምህሩ፦ በእውነተኛው ዓለም ይባስ! ቦኒ ፓርከርና ክላይድ ባሮው የተገናኙት ጥር 1930 ምዕራብ ዳላስ ውስጥ ነው። እሷ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ሃያ። እሷ አስራ ስድስት ሳይሞላት ሌላ ሰው አግብታ የተለያየች ናት፤ ግን አልተፋታችም፣ ስትሞትም የዚያ ሰው ቀለበት ጣቷ ላይ ነበር።

ደራሲዋ፦ ይህን ፊልሙ አላሳየም!

መምህሩ፦ ፊልሙ ያላሳየው ብዙ ነው። ሚያዝያ 1933 ላይ ክላይድ፣ ቦኒ፣ የክላይድ ወንድም ባክ፣ የባክ ሚስት ብላንሽና ደብሊው ዲ ጆንስ የሚባል ልጅ ሚዙሪ ውስጥ ጆፕሊን ከተማ ከጋራዥ በላይ ያለ ቤት ተከራዩ። ባክ ከእስር ከወጣ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። የእረፍት ጊዜ መስሏቸው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ካርታ ይጫወታሉ፣ ቢራ ይጠጣሉ፣ ብላንሽ ውሻዋን ታጫውታለች። አንድ ቀን ክላይድ ጠመንጃ ሲወለውል ባረቀበት። ጎረቤት ጫጫታው ሰለቸውና ለፖሊስ ነገረ።

ደራሲዋ፦ ፖሊሶቹ እነማን እንደሆኑ አውቀው ነው የመጡት?

መምህሩ፦ ኧረ በጭራሽ! መጠጥ በድብቅ የሚሸጡ ሰዎች መስለዋቸው ነው የመጡት። ሁለት ፖሊሶች እዚያው ሞቱ፤ ሃሪ ማክጊኒስና ዌስ ሃሪማን። ወሮበሎቹ አመለጡ። ከኋላቸው የተዉትን ስሚ፦ የባክን የእስር መፈቻ ወረቀት፣ የባክንና የብላንሽን የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ቦኒ የጻፈችውን ግጥም፣ ያልታጠበ ፊልም የያዘ ካሜራ። ማንነታቸውን የሚያስረዳው ሁሉ ከጓዳ ነው የተገኘው። ጆፕሊን ግሎብ የሚባለው ጋዜጣ ፊልሙን አጠበው፤ ቦኒ ሲጋር ነክሳ ሽጉጥ ይዛ የተነሳችው ፎቶ ያኔ ነው በአገሩ ጋዜጣ ሁሉ የተሰራጨው። እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱ ያነሱት ነው።

ደራሲዋ፦ የቤተሰብ አልበም ማለት ነው።

መምህሩ፦ የቤተሰብ አልበም። ዝነኛ ያደረጋቸውም ያው አልበም ነው። ቦኒ ሲጋራ ታጨስ ነበር እንጂ ሲጋር አታጨስም ነበር ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን ማን ይሰማል።

ደራሲዋ፦ እሺ፣ አንድ አጋጣሚ ነው እንበል።

መምህሩ፦ ሁለተኛውን ልንገርሽ። ሰኔ 1933 ላይ ክላይድ ቴክሳስ ውስጥ ዌሊንግተን አካባቢ በሌሊት ሲነዳ ድልድዩ ፈርሶ መኪናው ገደል ገባ። የቦኒ እግር ክፉኛ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ በደንብ አልተራመደችም፤ ወይ ታነክሳለች ወይ እሱ ይሸከማታል። ሐምሌ ላይ ሚዙሪ ውስጥ ፕላት ሲቲ የሚባል ቦታ ሬድ ክራውን ከሚባል የመንገደኛ ማረፊያ ሁለት ክፍል ያዙ። ብላንሽ ሦስት እንግዶች ነን ብላ አስመዘገበች፤ ከመኪናው ግን አምስት ሰው ሲወርድ ባለቤቱ አይቷል። የከፈሉት በሳንቲም ነው። መስኮቱን በጋዜጣ ሸፈኑት። ከዚያ ለቦኒ ቁስል ፋሻና መድኃኒት ሊገዙ ከተማ ሄዱ፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ ጠርጥሮ ለሸሪፉ ነገረ።

ደራሲዋ፦ የቁስል ፋሻና መድኃኒት።

መምህሩ፦ አዎ፣ አስታማሚ ስለሆኑ ነው የተደረሰባቸው! ጥለዋት ቢሄዱ ኖሮ ማንም አያውቃቸውም ነበር። እዚያ በተነሳው ተኩስ ባክ ጭንቅላቱን ተመታ፣ ብላንሽ ዓይኗ ውስጥ መስታወት ገባ። ከቀናት በኋላ አዮዋ ውስጥ ዴክስፊልድ በሚባል መናፈሻ ተከበቡ፤ ባክና ብላንሽ ተያዙ፣ ባክ ሐምሌ 29 ቀን ሞተ። ሌሎቹ ቆስለው በእግር አመለጡ። ለእኔ ከ1930 እስከ 1934 ባለው ታሪካቸው ውስጥ ትልቁ ትዕይንት ያ መድኃኒት ቤት ነው። ደወል ያላት በር፣ ፋሻ የሚገዛ እንግዳ ሰው፣ «ማን ተጎድቶባችሁ ነው?» የሚል ባለሱቅ። ማንም ፊልም በደንብ አልሠራውም።

ደራሲዋ፦ እኔ ልሥራው?

መምህሩ፦ ገጽሽ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት እኮ እሱን ነው፤ አላነበብሽውም?

ደራሲዋ፦ የእጅ ጽሕፈትዎ አይነበብም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የእኛ ሽፍታ ጫካ ሲገባ ገበሬው ያበላዋል፣ ይሸሽገዋል። ካሳ ኃይሉ ቋራ ሲሸፍት ሰው ተከትሎታል። እነዚህን ማን አበላቸው?

መምህሩ፦ ካሳ ዙፋን የሚፈልግ ሰው ነበር፤ አታወዳድሪው። እነዚህ የዘረፉት አብዛኛው ባንክ እንኳን አይደለም፤ ሱቅና ነዳጅ ማደያ ነው፣ ያውም በጥቂት ዶላር። ያበላቸው ቤተሰብ ነው። ክላይድ ዳላስ ሲመጣ በአባቱ ማደያ በኩል እየነዳ ያልፍና ወረቀት የከተተበትን የኮካ ጠርሙስ ይወረውራል። እናቱ ስልክ ደውላ ለዘመዶቿ «ቀይ ባቄላ እየቀቀልኩ ነው» ካለች ልጆቹ መጥተዋል ማለት ነው። ፍቅር ካለ አንድ ባቄላ ይበቃል እንደሚባለው። ከዚያ ከከተማ ወጣ ብለው ሜዳ ላይ ተገናኝተው ይበላሉ።

ደራሲዋ፦ ሕጉ ዝም አላቸው?

መምህሩ፦ የት ዝም ይላል! ሁለቱ ከሞቱ በኋላ፣ የካቲት 1935 ላይ፣ ወንጀለኛ ሸሽጋችኋል ተብለው ሃያ ዘመድና ወዳጅ ዳላስ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሁሉም ጥፋተኛ ተባሉ። የሁለቱም እናቶች ሠላሳ ሠላሳ ቀን ታሰሩ። ልጇን እራት ያበላች እናት።

ደራሲዋ፦ አሁን ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። እርስዎ እንዲህ ሲያወሩት ያሳዝናሉ። ባቄላ፣ ፋሻ፣ ውሻ፣ የጋብቻ ወረቀት። ገዳዮች ናቸው እኮ!

መምህሩ፦ ቡድኑ አስራ ሦስት ሰው ገድሏል ተብሎ ይታመናል፤ አብዛኞቹ ፖሊሶች። ያን አልክድም። እንዲያውም መጨመር ያለብሽ ትዕይንት እዚያ ውስጥ አለ። ሚያዝያ 1 ቀን 1934፣ በፋሲካ እሑድ፣ ግሬፕቫይን በምትባል የቴክሳስ ከተማ አጠገብ ሁለት የትራፊክ ፖሊሶች ቆሞ ያዩትን መኪና ሊረዱ ሞተር ሳይክላቸውን አቆሙ። ተገደሉ። አንደኛው፣ ሆሎዌይ መርፊ፣ ሊያገባ ቀን ቆርጦ ነበር። እጮኛው ለቀብሩ የመጣችው ለሠርጓ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ነው።

ደራሲዋ፦ እግዚኦ።

መምህሩ፦ ታዲያ የፍቅረኞች ታሪክ የምንለው የትኛውን ጥንድ ነው? የአገሬው ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ በእነ ቦኒ ትንሽ ፈገግ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ተቆጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ኦክላሆማ ውስጥ ካል ካምቤል የሚባል ሚስቱ የሞተችበት አረጋዊ ፖሊስ ገደሉ።

ደራሲዋ፦ ይህ ሁሉ ከሆነ የ1967ቱ ፊልም ዋሽቷል ማለት ነው። እኔ ግን አሁንም እወደዋለሁ፤ አልደብቅዎትም።

መምህሩ፦ ውደጂው። እኔም እወደዋለሁ። አርተር ፔን የመጨረሻውን ተኩስ በተለያየ ፍጥነት በሚቀርጹ ብዙ ካሜራዎች ሲያነሳው፣ ዴዴ አለን ስትቆርጠው የአሜሪካ ፊልም ተለወጠ፤ ይህ አይካድም። የኒው ዮርክ ታይምሱ ቦዝሊ ክራውዘር አብጠለጠለው፤ ፖሊን ኬል በኒው ዮርከር ረጅም ጽሑፍ ጽፋ ተከላከለችለት። አሥር ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ ሁለት አገኘ። ግን አንድ ሰው በድለዋል፤ ሲያሳድዳቸው የነበረውን የሕግ ሰው፣ ፍራንክ ሄመርን። ፊልሙ ውስጥ ቦኒና ክላይድ ይማርኩትና ፎቶ አንስተው ያዋርዱታል፤ ሲያደባባቸውም ቂሙን ሊወጣ ይመስላል። እውነተኛው ሄመር ግን እስከ ሞቱበት ጠዋት ድረስ ፊት ለፊት አላገኛቸውም። ባልቴቱ ከሰሰች፤ ኩባንያው በ1971 ከፍርድ ቤት ውጭ ታረቃት።

ደራሲዋ፦ ለምን ይመስልዎታል ያንን የፈጠሩት?

መምህሩ፦ ገዳያቸውን የግል ጠላት ካደረግሽው አሟሟታቸው በደል ይመስላል። ያን ጊዜ ወጣቱ ፖሊስ አይወድም ነበር፣ የቬትናም ዘመን ነው። እኔ ግን ይህን ማድረግ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ እውነተኛው አሟሟት ራሱ የሚበቃ ነው። ሄንሪ ሜትቪን የሚባል ልጅ አብሯቸው ነበር። ቤተሰቡ ሉዊዚያና ውስጥ ነው። ወላጆቹ ልጃቸው ቴክሳስ ውስጥ ምሕረት እንዲያገኝ ብለው ከሕግ ሰዎቹ ጋር ተስማሙ። ግንቦት 23 ቀን 1934 ጠዋት፣ ጊብስላንድ አቅራቢያ፣ አባትየው የጭነት መኪናውን ጎማ የተበላሸ አስመስሎ መንገድ ዳር አቆመ። ክላይድ የጓደኛውን አባት ሊረዳ ፍጥነት ቀነሰ። ስድስት ሰዎች ከቁጥቋጦ ውስጥ 130 ያህል ጥይት ተኮሱ። ቁርስ ብለው የገዙት ሳንድዊች መኪናው ውስጥ ነበር።

ደራሲዋ፦ ሊረዳ ሲል።

መምህሩ፦ ጭካኔው አላስያዘውም ማለት ነው፤ ያስያዘው ቤተሰብነት ነው። ቴክሳስ ሄንሪን ማረችው፤ ኦክላሆማ ግን ለካምቤል ግድያ ሞት ፈረደችበት፣ ኋላም ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለት። አሁን ወደ ሬይ ፊልም እንመለስ። ቦዊና ኪቺ በመጨረሻ የሚሸሸጉት ማቲ የምትባል ሴት ባላት ሞቴል ነው። ባሏ እስር ቤት ነው፤ ዘመድ ናት ማለት ይቻላል፣ የሌላው ዘራፊ ወንድም ሚስት። ማቲ ባሏን ለማስፈታት ቦዊን አሳልፋ ትሰጣለች። አየሽው? እሷም ባሏን ስለምትወድ ነው። ሬይ አይፈርድባትም፤ ፊቷን ብቻ ያሳየናል።

ደራሲዋ፦ ኪቺስ?

መምህሩ፦ ነፍሰ ጡር ናት። ቦዊ ለእሷ ደህንነት ብሎ ጥሏት ሊሄድ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ደብዳቤው እጁ ላይ እንዳለ ነው የሚገደለው። እሷ ታነበዋለች። እዚህ ላይ ግን አንድ ቀደም ያለ ትዕይንት አስታውሺ። ቦዊ ያጋባቸው ሰውዬ ዘንድ ተመልሶ ሄዶ ወደ ሜክሲኮ አሻግረን ይለዋል፤ ገንዘብም ያወጣል። እኛ «ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እንላለን አይደል? ያ ሁሉን ሲሸጥ የኖረ ሰውዬ፣ ሠርግ የሸጠ፣ መኪና የሸጠ፣ ብሩን አልቀበልም አለ። የሌለ ተስፋ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ከበደው። እዚያ ፊልም ውስጥ ሐቀኛ ነጋዴ እሱ ብቻ ነው፤ የሐቀኛነቱ ጊዜም ያች ብቻ ናት።

ደራሲዋ፦ ለምን ግን ሁልጊዜ ይሞታሉ? አንድ ፊልም ላይ እንኳን ሜክሲኮ ቢገቡ ምናለ?

መምህሩ፦ በዚያ ዘመን ሕግ ነበራ! የሆሊዉድ የሥነ ምግባር ደንብ የወጣው በ1930 ነው፤ በኃይል መተግበር የጀመረው ግን ከ1934 አጋማሽ ወዲህ ነው። ቦኒና ክላይድ የሞቱበት ዓመት መሆኑን ልብ በይ። ደንቡ ወንጀለኛ አዛኝ እንዳያገኝ፣ ሳይቀጣም እንዳይቀር ይላል። ስለዚህ ደራሲው ስለ መጨረሻው ምንም ምርጫ የለውም፤ ሳንሱሩ ወስኖለታል። ፍሪትዝ ላንግ በ1937 «ዩ ኦንሊ ሊቭ ዋንስ»ን ሲሠራም፣ ሬይ ሲሠራም መጨረሻው የታወቀ ነው። ደራሲው ነፃ የሆነው መሐሉ ላይ ብቻ ነው።

ደራሲዋ፦ መሐሉ ማለት ደግሞ መደበቂያው።

መምህሩ፦ ለዚህ ነው እነዚያ ፊልሞች መደበቂያውን እንደዚያ ያሳመሩት። ሳንሱሩ ሳያስበው ለፍቅር ታሪክ ውለታ ዋለ እላለሁ። አንዳንዶች በዚህ ይናደዱብኛል። ደንቡ 1968 ላይ ቀርቶ ነፃነት ሲመጣ ብዙዎቹ ፊልሞች ወደ ተኩሱ ሮጡ። ሮበርት አልትማን ብቻ በ1974 ያንኑ የአንደርሰንን መጽሐፍ «ቲቭስ ላይክ አስ» ብሎ እንደገና ሲሠራው ወደ ቤት መለሰው፤ ሼሊ ዱቫልና ኪት ካራዲን ቀርፋፋ፣ ዓይነ አፋር ጥንድ ሆነው። ብዙ ሰው አላየውም፤ ታዪው ዘንድ እለምንሻለሁ።

ደራሲዋ፦ አያለሁ። ግን የእኔ ታሪክ አዳማ ነው ጋሼ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ነው። እዚያ ማን ተደብቆ ይኖራል? አከራይዋ ገና ዕቃ ሳይገባ «የማን ልጆች ናችሁ? ከየት መጣችሁ? ቡና ጠጡ» ትላለች።

መምህሩ፦ ይሄው! ይህ ከማንኛውም የባንክ ዘረፋ በላይ ያስጨንቃል። ቡናውን እምቢ ካሉ ይጠረጠራሉ፤ ከጠጡ ይጠየቃሉ። አንቺ ግን ምን አደረግሽ? ግቢውን በሁለት ገጽ አልፈሽው እንደገና ሽጉጥ አመጣሽ።

ደራሲዋ፦ ተመልካቹ ይሰለቻል ብዬ ፈርቼ ነው።

መምህሩ፦ አትፍሪ። አከራይዋን ክፉ አታድርጊያት፤ ጠቋሚም ከሆነች የራሷ ምክንያት ይኑራት፤ ልጇ ታስሮባት ሊሆን ይችላል። ከተገደለው የባንክ ጥበቃ ቤትም አንድ ቀን ለቅሶ እንድረስ፤ አሁን እኮ ጥበቃው በገጽሽ ላይ ስም እንኳን የለውም! ሁለቱን የምንወዳቸው ከሆነ የገደሉትንም እናውቀው።

ደራሲዋ፦ ይህ ከባድ ነው። ተመልካቹ ከሁለቱም ጋር እንዴት ይሆናል?

መምህሩ፦ ካልቻለ ይቸገር፤ መቸገሩ ነው ፊልሙ። በቀላሉ ከአንዱ ጋር የሚያስቆምሽ ፊልም ሲወጡ የሚረሳ ነው።

ደራሲዋ፦ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ከእነዚያ ከጆፕሊን ቤት ሰዎች የተረፈ አለ?

መምህሩ፦ ደብሊው ዲ ጆንስ ታስሮ ወጥቷል፤ በ1974 ሰው ገደለው። ብላንሽ ግን ኖረች። ስትያዝ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሥር ዓመት ተፈርዶባት በ1939 ተለቀቀች፤ የግራ ዓይኗ ብርሃን እንደጠፋ ቀረ። ሌላ ሰው አግብታ በሰላም ኖረች። በ1967ቱ ፊልም እሷን ሆና የሠራችው ኤስቴል ፓርሰንስ ኦስካር አገኘች፤ እውነተኛዋ ብላንሽ ግን እንደዚያ ጯሂ ሴት አድርገው በማሳየታቸው ተቆጥታ ነበር። የሞተችው በ1988 ነው።

ደራሲዋ፦ ከሁሉም ዝምተኛው ታሪክ የእሷ ነው። ማንም ስለ እሷ ለብቻዋ አልሠራም?

መምህሩ፦ ጥንዶቹን የሚፈልግ ሰው ሦስተኛዋን አያይም። አሁን ስሚኝ። ይህ ጽሑፍ እንዳለ ፊልም አይሆንም፤ መሐሉ ግን ይሆናል። ባንኩን አውጪ፣ የጥበቃውን ስም ጻፊ፣ አከራይዋን ቡና አፍልታ አስቀምጫት። ከዚያ ሁለቱ ከውጭ ጫማ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ስኒ እንዴት እንደሚይዙ ጻፊልኝ። ያን ጽፈሽ ካመጣሽ ለአዘጋጅ የማስተዋውቅሽ እኔ ነኝ።